ቀጭ ያለችው ሴይኮዬ
አውቶማቲክ ሰዓት የምወደው ባትሪ ስለሌለው ነው። ክንድ ሲወዛወዝ ውስጡ ያለው ግማሽ ክብ ብረት ይዞርና ሞላውን ያከረዋል፣ አለቀ። ለጀማሪ ያገለገለች ሴይኮ 5 (የጃፓን ሰዓት ናት) ትበቃለች። ሞተሯ 7ኤስ26 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ጎኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ በማዞር አትሞላም፣ ቀስ ብለህ ግራ ቀኝ ታወዛውዛታለህ እንጂ። ካወለቅካት 40 ሰዓት ገደማ ቆይታ ትቆማለች።

የእኔን ያበላሸሁት የቀን ቁጥሯን ስቀይር ነው። ቀኑ የሚዞረው 12 ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ዙሪያ የሰዓት ቆጣሪው ከ9 እስከ 4 ገደማ ባለበት የቀኑ ጥርሶች ተያይዘዋል (በኢትዮጵያ ሰዓት ካስተካከልካት ቀኑን ንጋት 12 ላይ እንዲዞር ማድረግ ትችላለህ፣ ይሄ ራሱ ደስ ይለኛል)። ቸኩዬ ሳሽከረክር ቀጭ አለች። ጥገናው የገዛሁበትን ሊያክል ምንም አልቀረው። አሁን መጀመሪያ ቆጣሪውን 6 ላይ አደርጋለሁ፣ ከዛ ቀኑን። ሻወር ደግሞ ይዣት አልገባም፤ ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒዋ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ማን ያውቃል?