«ከሄዱ አይመለሱም»

ዛሬ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ከእህቴ ጋር ዋልኩ። ብርዱን ተዉት፣ ጋቢም አልበገረው። እህቴ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ለክረምት ዕረፍት ካናዳ ያለው ወንድማችን ጋ ልትሄድ ትኬት ቆርጣለች፣ የቀድሞ ባሏ ደግሞ «ከሄዱ አይመለሱም» ብሎ አልፈርምም አለ።

እህቴ ናት ብዬ አላዳላም፣ የሰውየው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ያለ አንዱ ወላጅ ፈቃድ ውጭ የተወሰደ ልጅ እንዲመለስ የሚያደርገው የ1980ው የሄግ ስምምነት የሚሠራው በአባል አገሮች መካከል ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የለችበትም። ልጆቹ እዚያ ቢቀሩ በየት በኩል ይከሳል?

ደጅ ላይ ቆመን «አንተስ ብትሆን ትፈርማለህ? ወንድምህም እኮ ለሠርግ ብሎ ነው የሄደው» አለኝ። ምን ልመልስ! እህቴ የደርሶ መልሱን ትኬት አውጥታ እያሳየችው ነው፣ እሱ ዞሮም አላየው። ትልቁ ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ይነካካል፣ ድምፁን ግን ዘግቶታል፣ አይቼዋለሁ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የሕፃናት ደኅንነት ይቅደም ይላል። ሁለቱም ይህንኑ ይጠቅሳሉ፣ እያንዳንዱ ለራሱ።

ቀጠሮ ተሰጠን፣ በረራው ከቀጠሮው ይቀድማል። የትኬት ቀን ያስቀየራችሁ ካላችሁ ስንት እንዳስከፈሏችሁ ጻፉልኝ።