ለ25 ሜትር ውድድር ሽጉጥ እንዴት መረጥኩ፤ ሲነክስስ ምክንያቱን እንዴት አገኘሁ

ለዒላማ ውድድር ሽጉጥ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚናገረው የውድድሩ ደንብ ነው፤ እጅ፣ ዓይንና ኪስ ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ልወዳደርበት የተነሣሁት የ25 ሜትር ስታንዳርድ ሽጉጥ ነው። በጠቅላላው 60 ጥይት ይተኮሳል፤ አምስት አምስቱ ጥይት መጀመሪያ በ150፣ ቀጥሎ በ20፣ በመጨረሻም በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቀቃል። ስለዚህ የማንንም ምክር ከመስማቴ በፊት የዓለም አቀፉን የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ተቀምጬ አነበብኩ። ጥይቱ .22 ሎንግ ራይፍል፣ ማለትም 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ክብደት ከ1000 ግራም ማነስ፣ የሽጉጡ ክብደት ከነባዶ ካዝናው ከ1400 ግራም መብለጥ የለበትም። አፈሙዙ እስከ 153 ሚሊ ሜትር፣ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት እስከ 220 ሚሊ ሜትር ተፈቅዷል። ሽጉጡ ባጠቃላይ 300 በ150 በ50 ሚሊ ሜትር በሆነ የመለኪያ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ማነጣጠሪያው ክፍት ብቻ ነው፤ ሽጉጡ ላይ የሚገጠም ማጉያ መነጽርም ሆነ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ አይፈቀድም።

ይህን ልክ ወረቀት ላይ ጽፌ ወደ ምርጫው ስገባ፣ ሰው በአድናቆት ከሚያነሣቸው ሽጉጦች ብዙዎቹ ወዲያው ቀሩ። አፈሙዙ የረዘመው ወጣ። አሥር ጥይት በሚይዘው ካዝናው የሚመካውም ምንም አልጠቀመኝም፤ እዚህ ውድድር ላይ ካዝና ውስጥ የሚገባው አምስት ጥይት ብቻ ነው።

የቀረው ጥያቄ የእጅ ጥያቄ ነበር። ለዚህ የማምንበት ፈተና ዓይን ጨፍኖ የሚደረገው ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጣለሁ፣ ክንዴን ወደ ዒላማው አነሣለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ሁለቴ ተንፍሼ እገልጣለሁ። የፊቱ ማነጣጠሪያ በኋለኛው ክፍተት መካከል ቆሞ ከጠበቀኝ እጀታው ከእጄ ጋር ተስማምቷል። ወደ ጎን ከዞረ ግን በእያንዳንዱ ጥይት የእጄ አንጓ ሊያርመው ይገደዳል፤ በ10 ሰከንዱ ዙር ደግሞ አንጓ ለማረም ፋታ የለውም። ዋጋው ሰማይ የነካ ሽጉጥ በዚህ ፈተና ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ሰው ሲገለገልበት የኖረ አሮጌ ሽጉጥም ሲያልፍ አይቻለሁ።

ካዝናው ያለበት ቦታም ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ማርጎሊን የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ ካዝናው እጀታው ውስጥ ነው። (ነዳፊው ሚኻይል ማርጎሊን ዓይነ ስውር እንደነበር ሳውቅ፣ ሽጉጥ በዳሰሳ ይመረጣል የሚለው እምነቴ በረታ።) እንደ ዋልተር ጂኤስፒና ፓርዲኒ ኤስፒ ያሉት ግን ካዝናቸው ከምላጩ ፊት ነው። በዚህ አሠራር እጀታው የካዝና ማኅደር ከመሆን ይላቀቃል፤ ስለዚህ እንጨቱ እንደ ባለቤቱ መዳፍ ሊቀረጽ ይችላል። ክብደቱም ወደ ፊት ስለሚያደላ አፈሙዙ በየተኩሱ ብዙ አይዘልልም። እኔ የመረጥኩት ይህንኛውን ነው። በረጅም ልምምድ ትከሻ ያደክማል፤ ቢሆንም ድካሙን ከአፈሙዝ ዝላይ እመርጣለሁ።

እጀታውን ለማስተካከል መዳፌን በጠመኔ ዱቄት ቀብቼ ጨበጥኩት። እንጨቱ ላይ ነጭ የታተመበት እጄ የሚነካው ነው፤ ንጹሕ የቀረው ክፍተት ነው። አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ጉብታ በሞረድ ዝቅ አደረግኩ፣ የመዳፌን መሃል ክፍተት በእንጨት መሙያ ሞላሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ እንደገና በጠመኔ ፈተንኩ። እዚህ ላይ ደንቡን መዘንጋት አይገባም። የመዳፍ ማሳረፊያው ከእጀታው ጋር የሚፈጥረው አንግል ከ90 ዲግሪ ማነስ የለበትም፤ አንጓን የሚደግፍ ማናቸውም ነገርም ክልክል ነው። ውብ አድርገው የቀረጹትን እጀታ በውድድር ዋዜማ ሲሞርዱ ያደሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የምላጩ ነገር አጭር ነው። በምርመራ ጊዜ አፈሙዙ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም ይደረግና የ1000 ግራሙ ሚዛን ከምላጩ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠረጴዛው ይነሣል፤ ምላጩ ሳይለቅ ክብደቱን መሸከም አለበት። የሚፈቀደው ሙከራ ሦስት ነው። ድፍን 1000 ላይ የተስተካከለ ምላጭ ጠዋት አልፎ ከሰዓት ሊወድቅ ስለሚችል፣ የእኔ ሁልጊዜ በጥቂት አሥር ግራሞች ከፍ ይላል። ጣቴ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ሚዛኑ ያውቀዋል።

ጥይት ላይ ግን ከብዙ ተኳሾች ጋር አልስማማም። ብዙው ሰው ቀዳዳዎቹን በጣም አቀራርቦ የሚመታ ጥይት ፍለጋ ይደክማል። የዚህ ውድድር ዒላማ የአሥር ነጥብ ክብ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ደህና ሽጉጥ በማስደገፊያ ላይ ተቀምጦ ሲተኮስ፣ የትኛውም የታወቀ የስታንዳርድ ጥይት አምስቱንም በዚያ ክብ ውስጥ ያሳርፋል። ከክቡ የሚያወጣው እጅ ነው። ስለዚህ ከጥይት የምፈልገው ዋናው ነገር ሳይከሽፍና ሳይነክስ፣ ማለትም ተመትቶ ሳይተኮስ ሳይቀርና ሽጉጡ ውስጥ ተይዞ ሳያስቆመው፣ መተኮሱ ነው። 2.6 ግራም እርሳስ ያለው፣ በሰከንድ 320 እና 330 ሜትር አካባቢ የሚበር፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት በታች የሆነው ለዚህ ይበቃል። ከዚያ የፈጠነው ጥይት ወረቀት ላይ የሚጨምረው ነጥብ የለም፤ የሚጨምረው የአፈሙዝ ዝላይና በሞላው ላይ የሚያርፈውን ጫና ነው። የተስማማኝን ጥይት ካገኘሁ በኋላ ሳጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር እያየሁ ተመሳሳዩን በብዛት ያዝኩ፤ አንድ ፋብሪካ በተለያየ ጊዜ የሚያመርታቸው ጥይቶች እኩል ጠባይ የላቸውምና።

አሁን ወደ መንከሱ ልምጣ። ሽጉጥ የሚነክስበት ምክንያት አንድ አይደለም፤ ሆኖም ተኩስ ሜዳ ላይ ሁሉም ሰው መድኃኒቱ አንድ ይመስለዋል፤ ዘይት። ነከሰ ሲሉ ዘይት፣ ከሸፈ ሲሉ ዘይት። እኔ ከዘይቱ በፊት ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና እንደነበር፣ ስንተኛው ጥይት ላይ እንደቆመ፣ የጥይቱን የምርት ቁጥር፣ ሽጉጡ ከተጠረገ ወዲህ ምን ያህል እንደተተኮሰበት ጻፍኩ። ካዝናዎቹን በቀለም ነጥብ ለየኋቸው። ከዚያም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፤ ካዝናም ጥይትም ሞላም በአንድ ጠዋት የቀየረ ሰው ሽጉጡ ቢድንለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ደብተሩ መጀመሪያ የጠቆመኝ ካዝናን ነው። ጥይቱ ወደ ማረፊያው፣ ማለትም ወደሚተኮስበት የአፈሙዙ ሥር፣ ሊገባ ሲል አፍንጫው ተደፍቶ የሚቀረው ዘወትር ሁለት ነጥብ ባለው ካዝና ነበር። የ.22 ጥይት ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ሲሞላ የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ከንፈር ፊት መቀመጥ አለበት። ወደ ኋላው ከዞረ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ መዝጊያው የላይኛውን ሊገፋ ሲሞክር የታችኛው ይይዘዋል። ካዝናውን በብርሃን አቅጣጫ ይዤ ከጎን ስመለከት ሦስተኛውና አራተኛው ጥይት በትክክል እንዲህ ተቆላልፈው አየኋቸው። ከሌላው ካዝና ጋር ሳስተያየው ደግሞ አንደኛው የብረት ጠርዙ በትንሹ ተከፍቶ ነበር። ጠርዙን በጉጠት ላጥብብ የሚል ፈተና አለ፤ እኔ ካዝናውን ለልምምድ እንኳ አላስቀረሁትም፣ በአዲስ ተካሁት። ያ ዓይነቱ መንከስ በዚያው ቆመ።

ሁለተኛው ግን ካዝና አይመርጥም ነበር። ባዶው ቀለህ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መዝጊያው ላይ ተነክሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አንጓን ነው፤ ላላ ያለ አያያዝ በእርግጥም መዝጊያውን ጉልበት ይነሳዋል። በደብተሩ ግን ችግሩ ሽጉጡ በተጠረገ ሰሞን ፈጽሞ አይታይም፣ የሚመጣው ብዙ ከተተኮሰ በኋላ ነው። አንጓ ደግሞ በመጥረጊያ አይታደስም። ስለዚህ የጥይቱን ማረፊያ በእጅ ባትሪ አየሁት። ከጥይቱ ሰምና ከባሩዱ ጥላሸት የተጋገረ ጥቁር ቀለበት ነበር። ቀለሁ ሲተኮስ ይለጠጥና ቀለበቱን ተደግፎ ይቀራል፤ ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ቢይዘውም እየዘገየ ይመጣል። በነሐስ ብሩሽ ከማረፊያው በኩል ጥቂት ዙር አሽቼ አጠራሁት፤ የጥፍሩን ሥር በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጠረግኩ። አፈሙዙን ግን በየልምምዱ አልጠርግም። የ.22 አፈሙዝ ከተጠረገ በኋላ ሰሙ እንደገና እስኪለብሰው ድረስ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይባዝናሉ፤ በውድድር ጠዋት አፈሙዝ የሚያንጸባርቅ ተኳሽ ይህን ቢያውቅ እንቅልፉን ይጨምር ነበር።

መክሸፍ የሚነበበው ከጥይቱ ላይ ነው። ሲከሽፍ አፈሙዙን ከዒላማው ሳላነሣ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለና። ከዚያ አውጥቼ ከንፈሩ ላይ የመቺውን መርፌ ምልክት በትክክል ከተተኮሰ ቀለህ ጋር አስተያያለሁ። ምልክቱ ጥልቅ ሆኖ ካልተተኮሰ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ በ.22 ጥይት አቀጣጣዩ ቅመም በከንፈሩ ውስጥ ዙሪያውን ስለሚሰራጭ አንዳንዴ አንድ ጎኑ ባዶ ይሆናል። ምልክቱ ጥልቀት ከሌለው ጥፋቱ የሽጉጡ ነው፤ የደከመ ሞላ፣ የቆሸሸ የመርፌ መንገድ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ መዝጊያ። የእኔ ምልክቶች በቀዝቃዛ ጠዋት ጥልቀት አልነበራቸውም፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይጠልቁ ነበር። የመርፌው መንገድ ውስጥ ያለው ዘይት በብርድ እየወፈረ መርፌውን ያዘገይ ነበር። ዘይቱን አጥቤ ከሞላ ጎደል ደረቅ ተውኩት፤ መክሸፉም ቀረ። የዘይት ወዳጆች ይህን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም።

አንድ ነገር ግን ምርመራ የለውም። ተኩሱ ከወትሮው የሰነፈ ድምፅ ካሰማ፣ ጥይቱም ወረቀቱ ላይ ካልታየ፣ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ እየሄደም ቢሆን ሁለተኛ ምላጭ አይሳብም። ሽጉጡ ባዶ ተደርጎ አፈሙዙ እስኪታይ ድረስ ያ ተኩስ አብቅቷል።

ጥይቶቹ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ጎን ሲሸሹም ማነጣጠሪያውን ለማዞር አልቸኩልም። ሁሉንም ብሎኖች አጥብቄ፣ ከየብሎኑ ራስ ወደ ብረቱ የሚዘልቅ ቀጭን የቀለም መስመር አስምሬባቸዋለሁ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ላልቷል። የእጀታው ዋና ብሎን በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ እንጨት ከአየሩ ጋር እያበጠና እየከሳ ሲያላላው ጨባጩ አይሰማውም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሽጉጥ በውድድር መሃል ሊነክስ ይችላል። ደንቡ በ150 ሰከንዱ ክፍል አንድ ጊዜ፣ በ20 እና በ10 ሰከንዶቹ ክፍሎች ደግሞ በጋራ አንድ ጊዜ ብልሽት ማመልከትን ይፈቅዳል። ተኳሹ ሽጉጡን እንደያዘ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀና፣ ነፃ እጁን አንሥቶ ዳኛውን ይጠብቃል። ዳኛው ሳያይ መዝጊያውን የከፈተ፣ ወይም መጠበቂያውን የነካ ብልሽቱ አይቆጠርለትም፤ ያልተኮሳቸው ጥይቶች ዜሮ ይሆናሉ። ጥይት ማጉረስ የረሳም እንዲሁ ነው። ችግሩ፣ ልምምድ ላይ ሽጉጥ ሲነክስ እጅ ወዲያው ሄዶ መዝጊያውን መጎተት መልመዱ ነው። ስለዚህ ብቻዬን ስለማመድም፣ የሚያይ ዳኛ ሳይኖር፣ በነከሰ ቁጥር ግራ እጄን አንሥቼ እቆማለሁ፤ ከዚያ ደብተሬን አወጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ መዝጊያውን እከፍታለሁ።