የቶፓሎቭ ንጉሥ እንዴት ዲ1 ደረሰ?

ስለ ቼዝ ሊቃውንቱ ካስፓሮቭና ቶፓሎቭ ጨዋታ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከ24ኛው እርምጃ ነው የሚጀምረው። እኔን ግን ሰሌዳ ዘርግቼ በደገምኩት ቁጥር የሚይዘኝ መክፈቻው ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1999፣ ቦታው ሆላንድ፣ ቬይክ አን ዜ የምትባል የባሕር ዳር መንደር። ነጭ የያዘው ካስፓሮቭ ወታደሩን ኢ4 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል) ገፋ፣ ቶፓሎቭ በዲ6 መለሰ። ፒርትስ መከላከያ ነው። በዚህ መክፈቻ ጥቁር መሃሉን ለነጭ ይለቅና ጳጳሱን ጂ7 ላይ አስቀምጦ ከሩቅ ይመታዋል፤ የመከላከያው ነፍስ ያ ጳጳስ ነው። ካስፓሮቭም በቀጥታ እሱን ፈለገ፦ ጳጳስ ኢ3፣ ንግሥት ዲ2፣ ከዚያ በ8ኛው ጳጳስ ኤች6። ጳጳሶቹ ተበላሉ፣ የነጭ ንግሥት ኤች6 ላይ ቁጭ አለች።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ እዩት። ንግሥቲቱ ንጉሡ የሚያልፍበትን ኤፍ8ን ከሩቅ ስለምትመታ የጥቁር ንጉሥ በአጭሩ በኩል ካስል ማድረግ (ከግንቡ ጋር በአንድ እርምጃ ተንቀሳቅሶ ወደ ጎን መጠለል) በሕጉም አይችልም። የቀረው ረጅሙ ነው። እዚያ ደግሞ ቶፓሎቭ ራሱ ሲ6፣ ቢ5፣ በኋላም ኤ6 እያለ ወታደሮቹን ገፍቷቸዋል። በ13ኛው ንጉሡ አጥሩ ወደተነቀለበት ጓሮ ገባ፤ ለእኔ ጨዋታው የተወለደው እዚህ ነው።

በ20ኛው ንግሥቲቱ ከኤች6 ወደ ኤፍ4 ተመልሳ ቼክ ስትለው (ንጉሡን በቀጥታ ስታጠቃው) ንጉሡ ኤ7 ገባ። ከዚያ ያ ታዋቂው 24ኛ መጣ፣ ግንብ ዲ4 ላይ ወታደር በላ። ቶፓሎቭ ግንቡን ሳይበላ ንጉሡን ቢ6 ቢያደርግ ኖሮ ይተርፍ ነበር። እሱ ግን በላው። ሁለተኛው ግንብ ኢ7 ላይ ቼክ አለ፤ የጥቁር ንግሥት ብትበላው ማት (ንጉሡ መሸሻ የሚያጣበት ፍጻሜ) አለ። ስለዚህ ንጉሡ ይሸሻል፦ ቢ6፣ ኤ5፣ ኤ4፣ ኤ3፣ ቢ4፣ ሲ3፣ ዲ2፣ መጨረሻ ላይ የነጭ ንግሥት ጨዋታውን የጀመረችበት ዲ1!

እና ካስፓሮቭ በዚህ ሁሉ ቼክ መሃል በ36ኛው ጳጳሱን ከኤች3 ዝም ብሎ ኤፍ1 ያስቀምጠዋል። ቼክ አይደለም። የጥቁር ንግሥት ልትበላው ትችላለች፣ ከበላችው ግን ንግሥት ሲ2፣ ቀጥሎ ግንብ ኢ7፣ አለቀ። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም ልቤ ይመታል። ቶፓሎቭ አልበላውም፤ ንግሥቱን ግን ሊያድናት አልቻለም፣ በ44ኛው እጅ ሰጠ።