ሰባት ወር ቦምባ፦ አፌ ሲከፈት እጄ ይጠፋል

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሙሉ ዘፈን እየተቀበልኩ ከበሮዬን ሳላቋርጥ መታሁ። ሳቁ ከፈለጋችሁ፤ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል።

ቦምባ የፖርቶ ሪኮ ሙዚቃ ነው። በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን በሸንኮራ እርሻዎቹ አካባቢ የጀመሩት። ከበሮው ባሪል ይባላል፤ ድሮ ከበርሜል ስለሚሠራ ነው፣ ፊቱ የፍየል ቆዳ። ዘፈኑን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የሠርግ ዘፈናችንን አስቡት። እኔ የምማረው እዚህ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ያው የጣት እብጠት ናቸው። እለፉት።

ጣጣዬ ቡሌአዶር ነው። አንድ ምት ይዞ ንቅንቅ የማይል ከበሮ። ትንሹ ፕሪሞ ጨፋሪዋን ይከተላል፤ ቀሚሷን ስታወናጭፍ በድምፅ የሚመልስላት እሱ ነው። የእኔው ቀላል መስሎኝ ነበር። ግን መቺውም ተቀባይ ነው! አውጪዋ ስትዘፍን እጄ ደህና ነው። ተራችን ደርሶ አፌን ስከፍት እጄ ምቱን ትቶ ቃላቱን መደብደብ ይጀምራል። አለዚያም ቀጥ ይላል።

በዚያ ላይ ችክችካ አለ። ሲካ የሚባለው የቦምባ ምት በሁለት የሚቆጠር፣ ቀጥ ያለ ነው። የእኔ እጅ ከልጅነቱ የለመደው በስድስት የሚሄደውን። ሲደክመኝ ሳላውቀው ሲካውን ወደ ችክችካ እጎትተዋለሁ። አስተማሪያችን «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ትላለች። በስድስት የሚሄደው ሌላው የቦምባ ምት፣ ዩባ፣ ግን በሁለተኛው ቀን ገባኝ። የክፍል ጓደኞቼ የሚያለቅሱት እሱ ላይ ነው።

ምን ረዳኝ? ከበሮውን መተው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀባዩን እያንጎራጎርኩ፣ ምቱን በእግሬ እየረገጥኩ ወደ ሥራ ሄድኩ። ቃሉ ሳላስበው መውጣት ሲጀምር ነው እጄን የጨመርኩት። ስፓኒሽ የማትችሉ ትርጉሙን ጠይቁ፤ የማታውቁትን ቃል አፍ አይሸከመውም።

ሜትሮኖም (ቋ ቋ እያለ ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። ሜትሮኖም አይቀበልም። (ሁለት ወር ተጠቅሜበታለሁ። አሁንም ሲጨንቀኝ እከፍተዋለሁ።) ቤት ውስጥ ባልዲ ደፍቼ ነው የምለማመደው። የታችኛው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሲደበድብ፣ የሱ ምት ከኔ ቀጥ ያለ ነው።

ፕሪሞ ላይ አንዴ አስቀምጠውኝ ነበር። ጨፋሪዋ መጥታ ለከበሮው እጅ ነሳችና ጀመረች። መከተል ሲገባኝ እየቀደምኩ መታሁ። እሷ ጨርሳ፣ ዳግም እጅ ነስታ ስትሄድ እኔ ገና እየደለቅኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራኝም።