ድምፅ መቁጠሩ ቀላሉ ነው፦ ብራስልስ ላይ ቦርድ እንዴት እንዳስመረጥኩ

ብራስልስ ውስጥ የምሠራውን ሥራ ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። «አውሮፓ ኅብረት ነው የምትሠሪው?» ይሉኛል። አይደለም። «እንግዲያው ኤምባሲ ነዋ!» እሱም አይደለም። የምሠራው የአውሮፓ ክልሎች ተሰባስበው ባቋቋሙት አንድ ኔትዎርክ ጽሕፈት ቤት ነው። ክልል ስል እነ ካታሎኒያን (ስፔን)፣ እነ ሎምባርዲን (ጣሊያን) ማለቴ ነው። ብራስልስ ውስጥ ክልሎችና ከተሞች የከፈቷቸው እንዲህ ዓይነት ቢሮዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ነገሩ የተጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የበርሚንግሃም ከተማና ጥቂት የጀርመን ክልሎች ቀድመው ገቡ፣ ሌላው ተከተለ።

እያንዳንዱ ቢሮ ብቻውን ከሚሮጥ ተብሎ ኔትዎርክ ይቋቋማል። በምርምርና ኢኖቬሽን ዙሪያ ስሙ የሚታወቀው ኤሪን ነው፤ ከመቶ በላይ አባላት አሉት። የኛ ከእሱ ያነሰ ነው፣ ስሙን ልተወው። ሥራው ግን ተመሳሳይ ነው። ለምርምር ፕሮጀክት አጋር ማፈላለግ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን (የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል) ፖሊሲ ሲያረቅ ደግሞ የክልሎችን ሐሳብ ማድረስ። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከ2021 እስከ 2027 ለሚዘልቀው ሆራይዘን ዩሮፕ፣ ማለትም ለኅብረቱ የምርምር ገንዘብ ፕሮግራም፣ የተያዘው በጀት ሲጀመር 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። ከ2028 ጀምሮ ላለው ደግሞ ኮሚሽኑ ጁላይ 2025 ላይ 175 ቢሊዮን ይሁን ብሎ አቅርቧል። ስለዚህ የኔትዎርኩ ቦርድ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው የወግ ጉዳይ አይደለም። ከኮሚሽኑ ሰዎች ጋር የሚነጋገረው ቦርዱ ነው። የአባልነት መዋጮ ይጨመር ብሎ ለጉባኤ የሚያቀርበውም እሱ ነው።

ምርጫውን እንዳስተባብር ስመደብ መጀመሪያ ያደረግኩት መተዳደሪያ ደንቡን ማንበብ ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም። ማኅበራችን በቤልጅየም ሕግ የተመዘገበ ዓለም አቀፍ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። በ2019 አዲስ የኩባንያዎችና የማኅበራት ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ነባር ማኅበራት ደንባቸውን እስከ 2024 መግቢያ ከእሱ ጋር እንዲያስማሙ ተደርጓል። ሕጉ ለኛ ዓይነቱ ማኅበር ብዙውን ነገር ለደንቡ ይተወዋል። ማን ድምፅ ይሰጣል፣ ምልዓተ ጉባኤ ስንት ነው፣ ውክልና ይፈቀዳል ወይ፣ ድምፅ እኩል ቢሆንስ፤ መልሱ ደንቡ ውስጥ ከሌለ የምርጫው ዕለት አዳራሽ ውስጥ ነው የሚፈለገው። ያኔ ደግሞ ሁሉም ጠበቃ ይሆናል። (በነገራችን ላይ ቤልጅየም ውስጥ ተራ የማኅበረሰብ ማኅበር ያላችሁ ወገኖች፣ ያው ሕግ እናንተንም ይመለከታል። የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት መድረስ አለበት። «በቴሌግራም ግሩፕ ትናንት ነግረን ነበር» አይሠራም።)

ከሁሉም በላይ ያነጋገረን ወንበሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የሰውዬው ነው ወይስ የክልሉ? ብራስልስ ያለው የክልል ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከአገሩ ተልኮ የመጣ ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይመለሳል። ወንበሩ የሰውዬው ከሆነ ሲሄድ ባዶ ይቀራል። የክልሉ ከሆነ ደግሞ ማንም ያልመረጠው ሰው በምትኩ መጥቶ ይቀመጣል። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንዱ ቢሮ ራሱን የቻለ ሕጋዊ ሰውነት የለውም። በቃ፣ አገር ቤት ያለው መስተዳድር ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ብራስልስ ያለው ኃላፊ «እንወዳደራለን» ቢል እንኳ የሚፈርመው ሌላ ነው። ወንበሩን ለክልሉ አደረግነው። ሰው ሲቀየር ግን ተተኪውን ቀጣዩ ጉባኤ እንዲያጸድቀው ተስማማን። ፍጹም መፍትሔ አይደለም። ከነበረው ግን ይሻላል።

ቀጥሎ የድምፅ አሰጣጡ መጣ። ዘጠኝ ወንበር አለ። በፊት አንድ አባል ዘጠኝ ስም ላይ ምልክት ያደርግ ነበር። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን እስቲ አስሉት። መቶ ድምፅ ቢኖርና 55ቱ ተነጋግረው አንድ ዓይነት ዘጠኝ ስም ቢመርጡ ዘጠኙንም ይወስዳሉ። ለቀሩት 45ቱ አንድ ወንበር እንኳ አይተርፍም። ማንም ተንኮል ማሰብ አይጠበቅበትም። በየሳምንቱ አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች የሚያውቁትን ስም ይመርጣሉ፣ አለቀ። ትልልቆቹና ብዙ ሠራተኛ ያላቸው ቢሮዎች በየስብሰባው ስለሚታዩ እነሱ ይገባሉ። ሁለት ሰው ብቻ ያለው ቢሮ መልኩም አይታወቅም።

የአየርላንድ ባልደረባችን የነሱን አሠራር አቀረበ። መራጩ ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሞላል፣ ትርፍ ድምፅ ደግሞ ለቀጣዩ ይተላለፋል። አየርላንድና ማልታ ፓርላማቸውን የሚመርጡት እንዲህ ነው። እኔ ወድጄው ነበር። ችግሩ ቆጠራውን ከምሳ በፊት ለደከመው አዳራሽ ማስረዳት ነው። ሰው ያልገባውን ውጤት አያምንም። ስለዚህ ቀለል ያለውን መረጥን። ወንበሩ ዘጠኝ ሆኖ አንድ አባል ግን ከአምስት በላይ ስም መምረጥ አይችልም። አሁን 55ቱ ድምፃቸውን ለዘጠኝ ሰው ቢያከፋፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 30 ገደማ ነው። 45ቱ ደግሞ አራት ሰው ላይ ቢያተኩሩ አራቱም ይገባሉ። ይህን ስናቀርብ ስፔኖቹ አልገረማቸውም። ሴኔታቸውን ሲመርጡ በአብዛኛው ክፍለ ሀገር ለአራት ወንበር ከሦስት ስም በላይ አይመርጡም።

«ለምን ለምሥራቅ አውሮፓ ወንበር አይያዝም?» ያሉም ነበሩ። ምሥራቅ የቱ ጋ ይጀምራል? ቼኮቹም ስሎቬኖቹም ምሥራቅ መባሉን አይወዱትም። ሌላ ሐሳብ ደግሞ መጣ። ኮሚሽኑ የሚያወጣው የክልሎች የኢኖቬሽን መመዘኛ ክልሎችን በአራት ደረጃ ይከፍላል፤ ከላይ መሪዎቹ፣ ከታች ገና በማቆጥቆጥ ላይ ያሉት። ከታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች ለሚመጣ ክልል አንድ ወንበር ይያዝ ተባለ። እኔ ተቃወምኩ። «ደካማ ስለሆንን ነው የተመረጥነው» የሚል ታርጋ ለጥፎ አገሩ የሚመለስ ኃላፊ የለም። ሐሳቡ ወደቀ።

የብሪታንያ ነገር ግን ከጠበቅነው በላይ ቀላል ሆነ። ብሪታንያ ከኅብረቱ ብትወጣም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ሆራይዘን ተመልሳለች። ደንባችንም «የአውሮፓ ክልል» ይላል እንጂ «የኅብረቱ አባል አገር ክልል» አይልም። የኅብረቱ አባል ያልሆኑት ኖርዌጂያኖችም መቼም ከጎናችን ተለይተው አያውቁም። ስለዚህ ከዌልስም ይሁን ከስኮትላንድ የሚወዳደር ቢመጣ የሚከለክለው የለም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው። ዋናው ሥራ ዕጩ ማግኘት ነው።

የዕጩዎች ጥሪ በኢሜይል ከላክሁ በኋላ መልስ የሰጡት እነዚያው የተለመዱት ናቸው። አገር ቤት እድር ላይ ላለመመረጥ ሲል በምርጫው ቀን ሳይመጣ ቀርቶ ሰበብ የሚደረድር ሰው አለ አይደል? እዚህም ያው ነው፣ ልዩነቱ ሰበቡ በኢሜይል መምጣቱ ነው። ስልክ ማንሳት ነበረብኝ።

አንዷ ከምሥራቅ ፖላንድ ክልሎች የአንዱን ቢሮ የምትመራ ሴት ናት። ጎበዝ ናት። በዲጂታል ግብርና ላይ የሠራችውን አይቻለሁ።

«ለምን አትወዳደሩም?» አልኳት።

«እኛ ሁለት ሰው ነን። ቦርድ ማለት ስብሰባ ነው።»

«በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ኦንላይን ናቸው።»

ዝም አለች። ከዚያ እውነተኛውን አወጣችው። «ከተሸነፍንስ? የክልሉ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ይፈርማል። ከዚያ ውጤቱ ዌብሳይት ላይ ይወጣል፤ እኛ መጨረሻ። ለአለቆቼ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

ነገሩ የጊዜ እጥረት አልነበረም። ሽንፈቱ በይፋ መታየቱ ነው። አገር ቤት ያለው ፖለቲከኛ የብራስልስን ቢሮ «ይህ ሁሉ ወጪ ለምንድን ነው?» እያለ የሚጠይቅበት ክልል ብዙ ነው። በዚህ ላይ የሽንፈት ዜና ሲጨመርበት የቢሮው ዕድሜ ያጥራል።

ከዚህ ስልክ በኋላ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ የሚለጠፈው ያሸነፉት ስም ብቻ ሆነ። ዝርዝር ድምፁ ቃለ ጉባኤው ላይ ተይዞ ይቀመጣል፣ ዕጩ የራሱን ቁጥር ከፈለገ ጠይቆ ያገኛል። ግልጽነት ይጎድለዋል ያሉ ነበሩ፤ ልክ ናቸው፣ ትንሽ ይጎድለዋል። እኔ ግን ዘጠኝ ዕጩ ለዘጠኝ ወንበር ከሚቀርብበት ምርጫ ይህን እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ የድጋፍ ደብዳቤው በክልሉ ፕሬዚዳንት ይፈረም የሚለው ቀርቶ የሚመለከተው መምሪያ ኃላፊ ቢፈርም በቂ ሆነ። ፕሬዚዳንት ለማስፈረም አንዳንድ ቦታ ካቢኔ መሰብሰብ አለበት። የመምሪያ ኃላፊ ግን በአንድ ሳምንት ይፈርማል። እሷም አስፈርማ ላከች። ከእሷ በኋላ ሌሎችም መጡ። ከወንበሩ ቁጥር በላይ ዕጩ ስናገኝ ነው ምርጫ አለን ብዬ ያመንኩት።

የምርጫው ዕለት ብዙ የሚወራለት አይደለም። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ውክልና እንዳይዝ አስቀድመን ወስነን ነበር። አለበለዚያ አንዱ የግማሽ አገር ውክልና በቦርሳው ይዞ ይመጣል። ቆጠራውን የሚታዘቡት ካልተወዳደሩ ክልሎች የተመረጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ድምፁ በስልክ ስለነበር መጀመሪያ የሙከራ ጥያቄ አቀረብን፤ ድንች ጥብስ በማዮኔዝ ወይስ በኬቻፕ? ቤልጅየም ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ማዮኔዝ አሸነፈ። ዋናው ጥቅሙ ግን የሦስት ሰዎች ስልክ እንደማይሠራ ያኔ መታወቁ ነው። እውነተኛው ድምፅ ላይ ቢሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

ፖላንዳዊቷ ገባች። ለብዙ ዓመት ከቦርዱ ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ትልቅ ክልል ደግሞ ወደቀ። የቢሮው ዳይሬክተር ሸምገል ያሉ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። ቡና መጠጫው ጋ ጠጋ ብለው «ቁጥሬን ማየት እችላለሁ?» አሉኝ። ደንቡ ስለሚፈቅድ ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «በድሮው አቆጣጠር ቢሆን እገባ ነበር?» አሉ። «አይታወቅም፣ ሰው የሚመርጠው እንደ ደንቡ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። የድሮው ደንብ ለማን ይጠቅም እንደነበር ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። አዲሱን ደግፈው ድምፅ ከሰጡት አንዱ መሆናቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ምርጫ ሲያልቅ ሥራ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። የአዲሶቹ ስም ሞኒተር ቤልዥ በሚባለው የቤልጅየም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ መታተም አለበት፣ ማመልከቻውም በፈረንሳይኛ ወይም በደች ነው። ከዚያ የማኅበሩ እውነተኛ ባለቤት ማን ነው የሚለውን የሚይዝ የመንግሥት መዝገብ አለ። የኛ ዓይነት ማኅበር ባለቤት ስለሌለው የቦርድ አባላቱ ናቸው የሚመዘገቡት። «ምኑን ነው የያዝኩት?» ብሎ ደንግጦ የደወለልኝ አለ፤ ፎርም ነው ብዬ አረጋጋሁት። ባንኩ ግን ከሁሉም ባሰ። የአዲሱን ገንዘብ ያዥ ፊርማ ለመቀበል መታወቂያ፣ የመኖሪያ ማስረጃ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ከዚያ እንደገና መታወቂያ ጠየቀ። ሂሳብ መክፈል የቻልነው በአሮጌው ፊርማ ነው። ለዚህ ስንል የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ውክልና አዲሱ ፊርማ እስኪጸድቅ ይቆያል የሚል መስመር በውሳኔው ውስጥ አስገብተን ነበር። እናንተም አስገቡት። አለበለዚያ ባንኩ እስኪጨርስ ያለ ደመወዝ ይታለፋል።