እንቅልፍ ማጣት ሁሉ አንድ አይደለም

ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት በድባቴና ከልክ ባለፈ መነቃቃት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም፣ እንዳለብኝ የተነገረኝ በ27 ዓመቴ ነው። ምልክቱ ግን ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ነበር፤ እንቅልፌ ላይ።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ድባቴ ጥሎኝ ነው። ካርድ አወጣሁ፣ ደም ተመረመርኩ፣ ታይሮይዴ ደህና ሆነ። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

«እንቅልፍስ?» አለኝ ሐኪሙ። «እምቢ ብሎኛል» አልኩት። ጻፈና አለፈ። ዛሬም ድረስ የምታንገበግበኝ ይህች ደቂቃ ናት። «በማግስቱ ይደክምሻል ወይ?» ቢለኝ ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ!

ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ሌሊት ነበረኝ። አንደኛው ስገላበጥ አድሬ ጠዋት እንደ ጨርቅ የምሆንበት ነው። ሌላው ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ሙሉ ጉልበት ይዤ የምነሳበት። ይህኛው የእንቅልፍ ፍላጎት መቀነስ ይባላል፤ ማኒያ ከሚባለው ከልክ ያለፈ መነቃቃት ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ከቀጠሮው በፊት በነበሩት ወራት ቁም ሳጥኑን ገልብጬ ልብሱን በቀለም በቀለሙ ስደረድር አድሬያለሁ። አንድ ደብተር በዕቅድ ሞልቻለሁ። ደብተሩ አሁንም አለ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ጽሑፌ ደቃቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ አንዱ መስመር ሦስት ቃል ብቻ ይዟል። ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ምርጥ ቀኖቼ መስለውኝ ነበራ! ደህና የነበረበትን ጊዜ ለሐኪም የሚናገር ማን አለ? አጎቴም አንዳንድ ሰሞን ሳይተኛ እየሠራ ይሰነብት እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሕመሙ በቤተሰብ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሳሁት።

የድባቴ መድኃኒት ብቻ ታዘዘልኝ። ባይፖላር ያለበትን ሰው ይህ መድኃኒት ብቻውን ወደ ማኒያ ሊገፋው ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፌ ወደ ሁለት ሰዓት ወረደ። ስደውል «ጉልበት ካገኘሽማ እየሠራ ነው፣ ቀጥይ» ተባልኩ። ከዚያ በዘጠነኛው ቀን እህቴ እያለቀሰች ሆስፒታል አስገባችኝ።

እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ባይፖላር አለበት እያልኩ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የለበትም። ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ ግን እንቅልፍ ማጣት ምልክት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ራሱ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አሁን ሊቲየም የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ደሜንም በየጊዜው እመረመራለሁ። በየቀኑ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛሁና ድካም እንዳለኝ ወይም እንደሌለኝ። «እንቅልፍ ካልመጣ ተነስተሽ ቀለል ያለ ነገር ሥሪ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልከተልም። እኔ ከተነሳሁ ቁም ሳጥኑ ይገለበጣል። ጨለማው ውስጥ እንደተጋደምኩ እቆያለሁ። የመኝታ ሰዓትን ሆን ብሎ በማሳጠር የሚሰጠውን ሕክምናም፣ ባይፖላሬን የሚያውቅ ሐኪም ካልተከታተለኝ አልሞክረውም።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት «4 ሰዓት። ድካም የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሌሊት አልጠበቅኩም። ለእህቴ አሳየኋትና ሐኪሜ ጋ ደወልን።