የማይተኛው ላፕቶፔ

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀችው እማዬ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ስትነሳ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሆነ ነገር እሽ ሲል ትሰማለች። ጠዋት፣ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃሽ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ነው የሚያድረው» አለችኝ። እኔ እኮ ማታ ሻት ዳውን ብዬ፣ ስክሪኑ ሲጠቁር አይቼ ነው የተኛሁት። «ዘግቼዋለሁ እኮ እማዬ» አልኳት። አልተከራከረችኝም። እጄን ይዛ ወስዳ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ይፋጃል።

ስክሪኑ ይጠፋል፣ ማራገቢያው ግን ይሽከረከራል፣ የፓወር መብራቱም አይጠፋም። አንድ ቀን ዘግቼው መስሎኝ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ስደርስ ከምጣድ እንደወጣ አምባሻ ይተኩሳል፣ ባትሪውም አልቋል።

መፍትሔዬ ምን ነበር? የፓወር ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ። በግድ ማጥፋት ማለት ነው። ብዙ ቀን እንዲህ አደረግኩ፣ አላፍርም። ማፈር የጀመርኩት የአንድ ደንበኛ የሂሳብ ፋይል አልከፈት ያለኝ ዕለት ነው። ዲስኩ ላይ ገና እየተጻፈ ያለ ነገር ካለ፣ እንዲህ ሲቆረጥ ሊበላሽ ይችላል።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳይከፍተው «እህቴ፣ ፎርማት ይደረግ» አለኝ፤ ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። እዚህ አገር ፎርማት እንደ ፓራሲታሞል ነው፤ ለሁሉም ሕመም ይታዘዛል። አመስግኜ ይዤው ተመለስኩ።

ፍንጩን ያገኘሁት ታስክ ማኔጀር ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት። ፐርፎርማንስ ገብታችሁ ሲፒዩ የሚለውን ስትነኩ፣ ከታች አፕ ታይም የሚል ቁጥር አለ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። የእኔው 9 ቀን ይላል! በየማታው የምዘጋው ማንን ነው ታዲያ?

ነገሩ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነው። በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ። ሻት ዳውን ስትሉ የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፣ የሲስተሙን እምብርት ግን አይዘጋውም። ዲስክ ላይ ይጽፈውና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ያነሳዋል፤ ቶሎ እንዲከፈት። ሪስታርት ግን ሁሉንም ዘግቶ ከዜሮ ይጀምራል። የእኔ ላፕቶፕ ሪስታርት ሲባል ያለምንም ችግር ይሠራል፣ የሚቀረቀረው ሻት ዳውን ላይ ብቻ ነው። ሺፍትን ተጭኜ ይዤ ሻት ዳውን ስለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። እንዲህ ሲደረግ ፋስት ስታርትአፕን ዘሎት ነው የሚዘጋው።

ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ከዚያ የፓወር ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚመረጥበት ቦታ ገባሁ። የፋስት ስታርትአፕ ምርጫ መጀመሪያ ደብዝዞ አይነካም፤ ከላይ ያለችውን ሰማያዊ ጽሑፍ ስትነኩ ይከፈታል። ምልክቱን አነሳሁት፣ ሴቭ።

ሦስት ሌሊት ሰላም ሆነ። በአራተኛው እማዬ፣ «ጓደኛሽ ተመልሷል» አለችኝ።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ፋስት ስታርትአፕን ባጠፋሁበት ማታ አንቲቫይረሱንም አጥፍቼ፣ የፕሪንተሩንም ሶፍትዌር ነቅዬ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ። የቱ እንደረዳ፣ የቱ እንዳባሰ በምን ልወቅ? አንቲቫይረሱንና የፕሪንተሩን ሶፍትዌር መለስኩና ደብተር አወጣሁ። በአንድ ሌሊት አንድ ነገር ብቻ እቀይራለሁ፣ ጠዋት እጽፋለሁ።

በስድስተኛው ሌሊት ተገኘ። ላፕቶፑን ያገለገለ ነው የገዛሁት። የሸጠልኝ ሰው አዲስ ዊንዶውስ ጭኖበታል፣ የማሽኑን የራሱን ድራይቨሮች፣ ማለትም ዊንዶውስን ከማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚያግባቡትን ፕሮግራሞች፣ ግን አልጫነም። ከነዚህ አንዱ የማኔጅመንት ኢንጅን ድራይቨር ነው፤ ማኔጅመንት ኢንጅን ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ ሳለ እንኳ የምትሠራ ትንሽ ክፍል ናት፣ በኃይል አያያዝም እጇ አለበት። ከላፕቶፑ ሆድ ላይ የሞዴሉን ቁጥር አንብቤ፣ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። ማራገቢያው ዝም፣ መብራቱም ጥፍት።

ፋስት ስታርትአፕን መልሼ አላበራሁትም። ሃርድ ዲስኬ የድሮው ዓይነት ስለሆነ ሲነሳ ይዘገያል፤ ቡና እስክቀዳ ይደርሳል። ኤስኤስዲ፣ ማለትም አዲሱ ፈጣን ዲስክ፣ ያላችሁ ልዩነቱን እምብዛም አታዩትም።

እማዬ አሁንም ለጸሎት ስትነሳ እጇን ታስቀምጥበታለች፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ። ባለፈው አፕዴት ኤንድ ሻት ዳውን (ራስህን አድሰህ ተዘጋ) ብዬው ሲያጓራ አገኘችው። ይሄኛው እውነተኛ ሥራ ነው፣ መሃል ላይ መቁረጥ አይገባም። «ዛሬ ተይው እማዬ፣ ራሱ ይተኛል» አልኳት። ቆማ ጠበቀችው።